ሚስተር ና

የድልድይ ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ስልክ ማንሣት አይወድም። የሚወደው የቢሮውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ መጮኽ ነው።

«ና!»

ይህን ጊዜ በመተላለፊያው ጥግ፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈች ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ተላላኪ ብድግ ይላሉ። ሽማግሌነታቸው በዕድሜ ነው እንጂ በወግ አይደለም። በወግማ ቢሆን፣ የበኩር ልጃቸው እኩያ የሆነ ሰው «እስቲ ይምጡ» ይላቸው ነበር። እሱ ግን እንኳን «ይምጡ» ሊል፣ «ና» ካለ በኋላ ምን ፈልጎ እንደጠራቸው መናገር እንኳ ከተወ ቆይቷል። መናገር አላስፈለገውም። ተላላኪው ከድምፁ ያውቃሉ።

አጭርና ቁርጥ ያለችው «ና» ፋይል ናት። በአፍንጫ የምትወጣው መስኮት ዝጋ ናት። ረዘም ብላ መጨረሻዋ ላይ የምትዝለው ውሃ ናት። ተደጋግማ ከመጣች ደግሞ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ስድቡ የሳቸው ነው። አንድም ቀን ፋይል ሲፈለግ ውሃ ይዘው ገብተው አያውቁም። ጸሐፊዋ፣ «ጋሼ፣ ሰውየውን እኮ ዲዳ አደረጉት» ትላቸዋለች። እሳቸው ፈገግ ይላሉ። ሙያ ሙያ ነው።

ከመተላለፊያው ማዶ የውጭ አገር ባለሙያዎች ቢሮ አለ። ድልድይ ሲጀመር ይመጣሉ፣ ድልድይ ሲያልቅ ይሄዳሉ። በዚያ ሰሞን አራት ነበሩ። አራቱም በየራሳቸው አገር ጆሮ «ና»ን ሲሰሙ ከረሙ።

ቀያሹ ኮሪያዊ ነው። በእሱ ቋንቋ «ና» ማለት «እኔ» ነው። አለቃው በሩን ከፍቶ ከጠዋት እስከ ማታ «እኔ! እኔ!» እያለ ሲጮኽ ሰማ። አልገረመውም፤ ብዙ ሥራ አስኪያጆች አይቷል።

ሒሳብ ሹሙ ሕንዳዊ ነው። ለእሱ «ና» «አይሆንም» ነው። የዕረፍት ፈቃድ ሊጠይቅ በሩ ድረስ እየመጣ፣ ገና አንኳኩቶ ሳይጨርስ «አይሆንም!» ሲባል ሰምቶ ይመለሳል። ሳያርፍ ዓመቱ አለቀበት።

የብየዳ ኃላፊው ሩሲያዊ ነው። በእነሱ ዘንድ «ና» ተብሎ እጅ ሲዘረጋ «እንካ፣ ያዝ» ማለት ነው። የመጣ ሰሞን ድምፁን በሰማ ቁጥር አንገቱን ብቅ አድርጎ ምን እየታደለ እንደሆነ ያይ ነበር። ምንም ሲታደል አላየም።

የከባድ መኪናዎች ኃላፊው ስዋሂሊ ተናጋሪ ነው። ለእሱ ቃሏ «እና» ናት። ስለዚህ የቀረውን ይጠብቃል። እና ምን? ሰውየው «እና» ብሎ ይጀምራል፣ አይጨርስም። ይህን የመሰለ ወሬ ቆራጭ በሕይወቴ አላጋጠመኝም ብሎ ምሎ ተናግሯል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና አንድ ቀን ምሳ ላይ አራቱ ተጨዋወቱ። አንዱ የሌላውን ሲሰማ ሳቁ ምግቡን አስጣላቸው። ሳቁ ሲበርድ ግን የልኬትና የስሌት ሰዎች አይደሉ፣ ነገሩን መረመሩት። ቃሏ በተጠራች ቁጥር አንድ ሰው ይመጣል። የሚመጣውም ሁልጊዜ ያው ሰው ነው። ተጠርቶ ባለቤቱን የሚያመጣ ቃል ደግሞ ስም ይባላል። ከምሳ ሲመለሱ ተላላኪውን እየጨበጡ «ሚስተር ና» አሏቸው።

ተላላኪው ሊያርሟቸው ይችሉ ነበር። እንግሊዝኛቸው ለዚያ አያንስም። ግን በዚያ ሕንጻ ውስጥ ከስማቸው ፊት አንዳች ነገር ጨምሮ የጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ኧረ ስማቸውንም የጠራው የለም። አሁን አራት ሰው «ሚስተር» ሲላቸው፣ ከኋላዋ ያለችውን አንድ ፊደል ብለው የፊተኛዋን ያባርሩ? አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሹመቱን ተቀበሉ።

ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። ከረባታቸውን ሳያወልቁ ሳሎን ባለችው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ባለቤታቸው ከተጋቡ ጀምሮ «እርስዎ» ነው የሚሏቸው። ልጆቹም «እርስዎ» እያሉ አደጉ፤ የልጅ ልጅ እንኳ ተሳስቶ «አንተ» ሲል ጆሮውን ይያዛል። እሳቸው ወንበሩ ላይ እንዳሉ ወደ ማድ ቤቱ ዞር ብለው «ነይ!» ይላሉ። ባለቤታቸው እጃቸውን እያደራረቁ ይመጣሉ። ውሃ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሬዲዮኑ ድምፅ። ምን እንደተፈለገ መናገር አያሻም። ባለቤታቸው ከድምፁ ያውቃሉ።

ለቤተሰቡ የነገሩት ሥራም ሌላ ነው፤ «የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ» ናቸው። ጭልጥ ያለ ውሸት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ውሃ የሚያቀርበው ማን ሆነና? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሳቸው ግን እያደር ከበደ። መጀመሪያ ኃላፊነት ብቻ ነበረች። ቀጥሎ የራስ ቢሮ መጣ። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ያለ እሳቸው ምክር እንግዳ እንደማያነጋግር ተነገረ። የመጨረሻዋ ልጃቸው ይህን እየሰማች አደገች። ቋንቋ አጥንታ አስተርጓሚ የሆነችው ራሱ፣ እንደ አባቷ ከውጭ ሰው ጋር ልዋል ብላ ነው።

አንድ ቀን እራት ላይ ልጅቷ ደስ ብሏት ወሬ ይዛ መጣች። የድልድዩን ገንዘብ የሚሰጡ የውጭ ልዑካን ሊመጡ ነው፤ ለማስተርጎም የተቀጠረችው እሷ ናት፤ ሥራው የት ቢሆን ጥሩ ነው?

«እርስዎ ጋ ነው አባዬ» አለች።

ተላላኪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልንገራት ብለው ነበር። ነገሩ አፋቸው ላይ ደርሶ፣ «ጨው አቀብይኝ» ሆኖ ወጣ።

በማግሥቱ ያማከሩት ጸሐፊዋን ነው። ታመው እንዲቀሩ መከረቻቸው። እንዴት ይቅሩ? እንግዳ በሚመጣበት ቀን የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ ከታመመ፣ ልጅቷ ሐኪም ይዛ ነው የምትመጣው። የግድ መገኘት አለባቸው። ሲገኙ ደግሞ በልጃቸው ፊት እንደ ውሻ «ና!» ይባላሉ። ሌላውን ሁሉ ይችሉታል፤ ይህን አይችሉትም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚሉት ለካ እውነት ኖሯል አሉ፤ ዕድሜያቸው ጡረታ ሊደርስ ሲል ከኋላ መጣባቸው።

ሥራ አስኪያጁን ራሱን ለመለመን ገቡ። «ጌታዬ፣ አንዲት ነገር…» ብለው ሳይጨርሱ እሱ ባዶውን ብርጭቆ አስያዛቸው። ይዘው ወጡ።

ከዚያ አንድ ዘዴ መጣላቸው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ደወል ገዙ። መጫኛዋን በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ፣ ደወሏን ከራሳቸው ወንበር በላይ አስገጠሙ። «ድምፅዎ እንዳይደክም ብዬ ነው» አሉት። ሥራ አስኪያጁ እጅግ ደስ አለው። ተጫናት። ጮኸች። ደግሞ ተጫናት። ከዚያ በተከፈተው በር በኩል፣ ደወሏ እንደተሰማች ለማረጋገጥ፣ «ና!» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱም ሆነ፤ ደወልም «ና»ም።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ተላላኪው ከሁሉ ቀድመው ገቡ። የቀራቸው ተስፋ አንድ ነው። የሚፈለገው ሁሉ አስቀድሞ ከተገኘ «ና» የሚያሰኝ ነገር አይኖርም። በስብሰባው አዳራሽ በእያንዳንዱ ወንበር ፊት ውሃ አኖሩ፤ ለሥራ አስኪያጁ ሁለት። ፋይሎቹን በተራ ደረደሩ። መስኮቶቹን ዘጉ፣ አጥብቀው ሞከሩ። እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ እየጫሩ ፈተሹ። ከረባታቸውን አስተካክለው በር ላይ ቆሙ።

ልዑካኑ ሲመጡ በሁለት እጃቸው ተቀበሏቸው፣ በር ይዘው አሳለፏቸው። የልዑካኑ መሪ ጸጉራቸው ነጭ የሆነ ጃፓናዊት እመቤት ናቸው። ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጧቸው፤ ተላላኪውም ጎንበስ አሉ፤ እመቤቲቱ እንደገና ጎንበስ አሉ፤ እሳቸውም። ልጅቷ ከእመቤቲቱ ኋላ ሆና ይህን አየች። ዐይኗ በራ። ለአንዲት ቅጽበት ውሸቱ እውነት ሆነ። ልጅቷ ወደ አዳራሹ ስትገባ ተላላኪው ከአዳራሹ ጋር በመጋረጃ ብቻ የተለየችው ጠባብ ዕቃ ቤት ገብተው፣ መደርደሪያውን ተደግፈው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ሥራ አስኪያጁ እንግሊዝኛ ያውቃል። አስተርጓሚ ያስቀጠረው ትልቅ ሰው በአስተርጓሚ ስለሚናገር ነው። አራቱ የውጭ ባለሙያዎች በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊዋ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆና ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። እሱ ንግግሩን ከወረቀት ያነባል፣ ልጅቷ ትተረጉማለች። ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ፀሐይን ግን ማሰናዳት አይቻልም። ጠዋት በሌላ ወገን የነበረችው ፀሐይ ሕንጻውን ዞራ፣ ሥራ አስኪያጁ «በድርጅታችን ትልቁ ሀብት ገንዘብ አይደለም፣ ብረትም አይደለም። ሰው ነው። የሠራተኞቻችን ክብር…» የሚለው ላይ ሲደርስ በመስኮቱ ገብታ ዐይኑን ወጋችው። ዐይኑን ጨፈነ።

«ና!» አለ።

ልጅቷ አልተረጎመችም። ምኑን ትተርጉመው?

በዕቃ ቤቱ ውስጥ የተላላኪው እግሮች ብድግ ብለው ነበር። እግር አመሉ ነው። እሳቸው ግን መደርደሪያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሲጠሩ ሳይመጡ የቀሩት በዕድሜያቸው ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

«ና!» መጣች ሁለተኛዋ። ስድብ ሊከተል ነው።

ኮሪያዊው አሳቢ ሰው ነው። አለቃው ሰው እየጠራ ሰው ሲያጣ አይቶ ሊያግዝ ፈለገ። በትሕትና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሚስተር ና!» አለ። ሩሲያዊው ደግሞ ከመጋረጃው አጠገብ ነው የተቀመጠው። እጁን ዘርግቶ መጋረጃውን ሳበው።

ተላላኪው እዚያ ቆመዋል። ከኋላቸው መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የተደራረበ ወንበር። እጃቸው መደርደሪያው ላይ።

ልጅቷ አባቷን አየች። ቀጥላ ሥራ አስኪያጁን አየች። «ና» ያለው ማንን እንደሆነ፣ «የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ» ምን እንደሆነ፣ ያደገችበት ወሬ ሁሉ ምን እንደነበር፣ በዚያች አፍታ ውስጥ ገባት። ተላላኪውም እንደገባት ገባቸው። ወደ መሬት አዩ።

እመቤቲቱ ወደ ልጅቷ ዞረው ጠየቁ። ይህ ክቡር ሽማግሌ በር ላይ የተቀበሏቸው ናቸው፤ ስማቸው «ና» ነው ማለት ነው?

አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ይናገራል። ልጅቷ ይህን ተምራለች፣ ምላበታለች። ጉሮሮዋን እንደ አባቷ ጠረገች።

«ስም አይደለም እመቤቴ፣ ማዕረግ ነው» አለች። «በቤቱ ውስጥ በዕድሜ ለሚበልጠው የሚሰጥ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ስለ ክብር ሲናገሩ እሳቸው አጠገባቸው ሳይቀመጡ መቀጠል ስለማይሆንላቸው ነው የጠሯቸው።»

ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። በዚያው በረጋው የአስተርጓሚ ድምፅ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ «እንዲህ ነው ያልኩት። የሚታረም ካለ ይንገሩኝ» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ እመቤቲቱን አየ። ገና ያልተፈረመውን ውል አየ። «ማዕረግ አይደለም፣ ሽማግሌውን የመስኮቱን መጋረጃ እንዲዘጋ እየጠራሁት ነው» ብሎ ማረም ይችላል። ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የምጠራው ማለትም ይችላል።

«የሚታረም የለም» አለ። ወንበርም ሳበላቸው።

ተላላኪው መጥተው ተቀመጡ። ከፊታቸው ውሃ ነበረ፤ ራሳቸው ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ያኖሩት ትርፉ። እመቤቲቱ ደስ ብሏቸው ነበር። በሳቸው ቋንቋ «ና» ማለት «ስም» ማለት እንደሆነ ተናገሩ። ስምና ክብር በአንድ ቃል ሲገናኙ ማየት ዕድሜ ይጨምራል አሉ። ከዚያ የውጭ ሰውም በቃሉ መጠቀም ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቁ።

«ለሚያከብሩት ሰው ሁሉ» አለች ልጅቷ። አንዴ ገብታበታለች።

እመቤቲቱ ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ጎንበስ አሉ።

«ና» አሉት።

የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። ከተነሣ በኋላ ግን ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ሁሉም ያየዋል። ሄዶ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ለማየት ወጡ። ልዑካኑ ቃሏን ወደዋት ነበር፤ አጭር ናት፣ አፍ ላይ አትከብድም። አንዱ ካርታ ሊጠይቅ ሲፈልግ «ና»፣ ሌላው ፎቶ አብሮ ሊነሣ ሲፈልግ «ና»። አራቱ ባለሙያዎችም በስሕተት ስም ያደረጉት ነገር ማዕረግ መሆኑን ሲረዱ አፍረው፣ አለቃቸውን እስከዛሬ ያለ ማዕረግ በመጥራታቸው ካሳ ሊከፍሉ ተሽቀዳደሙ። ኮሪያዊው ከወንዙ ማዶ ሆኖ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ናአአ!» ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ በጣውላው ላይ እየተንገዳገደ ተሻገረ። ሕንዳዊው ከፊቱ ሆኖ በአክብሮት «ና፣ ና» ካለው በኋላ የዕረፍት ፈቃዱን ጠየቀ። ተፈቀደለት።

ብረት ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያያሉ።

«ሰውዬውን ‹ና› አሉት እኮ» አለ አንዱ።

«እሱስ ይሁን። ሲጠራ መምጣቱን አላየህም?»

«ምነው እንዲህ ሮጠ? ለምዶታል እንዴ?»

«በቤቱ ማን እንደሚጠራው በምን ታውቃለህ?»

ውሉ ተፈረመ። እመቤቲቱ ሲሰናበቱ ተላላኪውን ሦስት ጊዜ እጅ ነሷቸው። ልዑካኑ ቢሄዱም አራቱ ባለሙያዎች ከመተላለፊያው ማዶ አሉ፤ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዲህ በሩን ከፍቶ «ና!» ቢል፣ አራቱም ለሽማግሌው ክብር ከወንበራቸው ይነሣሉ። አንዴ ሞክሮ አይቶታል። «ይምጡ» ማለት ደግሞ አፉ እምቢ አለው። በሩን ዘጋ። ደወሏን ብቻ መጫን ጀመረ። ደወል አይሳደብም፤ አያከብርምም። ደግሞ ውሃ ይሁን ፋይል አይለይም፤ ተላላኪው ሙያቸው ከንቱ ቀረ፤ ሥራ አስኪያጁም ሳይወድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ተማረ።

ውሉ በተፈረመ ዕለት አባትና ልጅ ወደ ቤት አብረው ሄዱ። ተላላኪው በመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ጀምረው ተዉት። በመጨረሻ፣ «የእንግዳ አቀባበል ያልኩት እንግዲህ…» አሉ።

«በር ላይ ሲቀበሉን አይቻለሁ አባዬ» አለች ልጅቷ።

ትንሽ ከሄዱ በኋላ ያልገባቸውን ጠየቋት። ማዕረግ ያለችውን ያን የመሰለ ውሸት በዚያች አፍታ ከየት አመጣችው?

«ከቤት ነዋ» አለች። «እርስዎ እማዬን ‹ነይ› ሲሏት፣ እንደ ልዕልት እያከበሯት ነው ብዬ አይደል ያደግሁት።»



ቤት ሲደርሱ ልጅቷ ወደ ማድ ቤቱ ገባች። ተላላኪው ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። ጉሮሯቸው ደርቋል። ወደ ማድ ቤቱ ዞር ብለው አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሏ ከጥርሳቸው ሳትወጣ መለሷት። ሌላ ቃል ፈለጉ። «እባክሽ» የምትባል አለች፤ የት እንዳኖሯት ጠፋቸው። ማድ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ነበረ። ሹክሹክታው ቆመ። ቀጥሎ የሁለት ሴቶች ሳቅ ተሰማ፣ ረዥም፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳቅ። ሳቁም አለቀ።

ከዚያ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ። ከተጋቡ ጀምሮ «እርስዎ» ብቻ ሲላቸው የኖረው ድምፅ ነው።

«ናአ…»

እግሮቻቸው ብድግ አሉ። ረዘም ብላ፣ መጨረሻዋ ላይ ዝላለች። ተላላኪው ከመደርደሪያው ሁለት ብርጭቆ አነሡ፣ አጠቡ፣ ውሃ ሞሉ፣ በትሪ ይዘው ገቡ።